ቴስተሩ ጮኸ ማለት አልማዝ ነው ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ክዋህላቲ የምትባል የደቡብ አፍሪካ መንደር ድንገት በሰው ተጥለቀለቀች። መንደሯ ያለችው በክዋዙሉ ናታል ግዛት፣ ሌዲስሚዝ ከተማ አካባቢ ነው። አንድ እረኛ ሜዳ ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ ተባለ። አልማዝ ነው የሚለው ወሬ ወዲያው ተዛመተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዶማና አካፋ ይዞ ደረሰ። ሽማግሌውም ወጣቱም መሬቱን ይቆፍር ጀመር። ያገኘውን ድንጋይ እዚያው በ100 እና በ300 ራንድ የሚሸጥም ነበር። ከዚያ የመንግሥት ባለሙያዎች መጡና ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ኳርትዝ ሆነ። ኳርትዝ ደግሞ በየተራራው ሞልቶ የሚገኝ ተራ ማዕድን ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው የ15 ዶላር ዳይመንድ ቴስተር (የአልማዝ መመርመሪያ) በኪሱ ይዞ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ቁርጡን በነገራቸው ነበር። ይሰሙት ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህች ብዕር የምታክል ዕቃ አሁን በኢንተርኔት ገበያ ከ15 እስከ 20 ዶላር ትገኛለች። ቲክቶክ ላይማ ሞልታለች። አንዱ የሌላውን ሐብል ይነካባታል። ከጮኸች ባለሐብሉ ደረቱን ይነፋል፣ ካልጮኸች ጉድ ፈላ። ከዱባይ የቃል ኪዳን ቀለበት ያስመጣ ሙሽራ ወይም ከአሜሪካ የጆሮ ጌጥ የተላከላት እህት "እስቲ በቴስተር ይታይልኝ" ቢሉ አይገርምም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ቴስተሯ "አይደለም" ስትል በአብዛኛው እመኗት። "ነው" ስትል ግን ገና ምንም አልተነገራችሁም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት መሣሪያዋ የምትለካውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እሱም አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል? ጫፏ ላይ ቀጭን የመዳብ መርፌ አለ። ስትከፍቷት መርፌው ይሞቃል። ድንጋዩን ሲነካ ሙቀቱ ወደ ድንጋዩ ይሸሻል። መርፌው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ታይና መብራቶቿን በተራ ታበራለች። በብርዳም ጠዋት የብረት እጀታ ከእንጨቱ በር ይልቅ እጅ ያቀዘቅዛል አይደል? ሁለቱ እኩል ቀዝቃዛ ናቸው፤ ብረቱ የእጃችንን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስደው ነው። የመሣሪያዋም ጥበብ ከዚህ አያልፍም።

አልማዝ በዚህ ረገድ ጉደኛ ድንጋይ ነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በፊዚክስ መለኪያ 2,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለሽቦና ለድስት የምንመርጠው መዳብ 400 አካባቢ ነው። ሳፋየር የሚባለው የከበረ ድንጋይ 40 እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ብርጭቆ 1 ገደማ ላይ ይቀራል። በየገበያው የአልማዝን ቦታ ይዞ የሚሸጠው ኪዩቢክ ዚርኮንያም ከብርጭቆ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ርካሽ መሣሪያም ቢሆን አይስተውም።

መሣሪያው የመጣበት ጊዜም ይህንኑ ይናገራል። ኪዩቢክ ዚርኮንያ ለጌጣጌጥ ገበያ የቀረበው በ1976 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ከነበሩት አስመሳዮች ሁሉ ይበልጥ አልማዝን ይመስል ነበር። ዋጋውም ርካሽ ነበር። ነጋዴው ተደናገጠ። በሙቀት የሚሠራው መመርመሪያ የተስፋፋው ያን ጊዜ ነው። ለዚያ ዘመን ጥያቄ የተሠራ መልስ ነበር፣ ለዚያ ጥያቄም እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ይመስላል፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን አጽዱት። ቀለበት ሎሽን፣ ሳሙናና የሊጥ ቅባት ይይዛል። ቅባቱ በመርፌውና በድንጋዩ መካከል ገብቶ ሙቀቱን ያግደዋል። ካጸዱት በኋላ በደንብ አድርቁት። መሣሪያዋን ክፈቷትና መርፌው እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ዝግጁ ስትሆን በመብራት ትናገራለች። ከዚያ መርፌውን የድንጋዩ ጠፍጣፋ አናት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ። ካዘነበላችሁት መርፌው በሙሉ አይነካም። በኃይል መጫን አያስፈልግም፤ ጫፉ ከተጣመመ ዕቃው አለቀለት።

ጎኗ ላይ የሚዞር ማስተካከያ አለ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ በድንጋዩ መጠንና በክፍሉ ሙቀት ማስተካከያው ስንት ላይ መሆን እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ታትሟል። ብዙ ሰው ይህን ሰንጠረዥ ሳያየው ያልፋል። ለትንሽ ድንጋይ ማስተካከያው ከፍ ይላል፣ ለትልቅ ዝቅ። ለትንሽ ድንጋይ የተቀመጠ ማስተካከያ ይዛችሁ ትልቅ ነጭ ሳፋየር ብትነኩ መብራቶቹ ከልክ በላይ ሊወጡ ይችላሉ። በተቃራኒው ባትሪዋ ከደከመ እውነተኛውን አልማዝ ትክደዋለች። አንዴ የነካችሁትን ድንጋይ ወዲያው ደግማችሁ አትንኩ፤ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።

ብረቱም አለ። ወርቅና ብር ሙቀት በደንብ ያስተላልፋሉ። መርፌው ከድንጋዩ ተንሸራቶ የቀለበቱን ጥርስ ከነካ መብራቱ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ተብሎ መሣሪያዋ ለብረት የተለየ ድምፅ አላት። ድምፁ የሚሠራው ግን አንድ እጃችሁ መሣሪያዋ ጀርባ ያለውን ብረት፣ ሌላው ደግሞ ቀለበቱን ከያዘ ነው። ቀለበቱን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ የሚነካ ሰው ይህን ጥበቃ አጥቷል። ቪዲዮ ላይ በጩኸት የሚጨፍሩት ሰዎች የትኛውን ድምፅ እንደሰሙ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ የሚስተካከል ነው። ጥንቃቄ የማያስተካክለው ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይ ነው።

ሞይሳናይት ሲሊከን ካርባይድ፣ ማለትም የሲሊከንና የካርቦን ውህድ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ኬሚስት ከሄንሪ ሞይሳን ነው። ሞይሳን በ1893 አሪዞና ካንየን ዲያብሎ ከወደቀው ተወርዋሪ ኮከብ ስባሪ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አገኘ። መጀመሪያ አልማዝ መስለውት ነበር። ሌላ ነገር መሆናቸውን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በኋላ የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሰው በዚህ ድንጋይ ከተታለለ፣ አንድ ሙሽራ ቢታለል አይፈረድበትም። በተፈጥሮ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ለጌጥ መሸጥ የጀመረው በ1998 ሲሆን በአሜሪካ የነበረው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በ2015 አበቃ። ከዚያ በኋላ አምራቹ በዛ፣ ዋጋውም ወረደ።

ሞይሳናይት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከሳፋየር ብዙ እጥፍ በልጦ ነው፣ ወደ መዳብ ይጠጋል። በሙቀት ብቻ የምትሠራው ቴስተር ይህንን ከአልማዝ መለየት አትችልም። ሞይሳናይቱን ስትነካ መብራቶቿን ሁሉ አብርታ ትጮኻለች። ተበላሽታ አይደለም። የጠየቃችኋትን መልሳለች፤ ሙቀቱ ቶሎ ሄዷል።

ሻጮች ይህን ያውቃሉ። ብዙዎቹ አይደብቁትም፣ እንዲያውም ማስታወቂያ አድርገውታል። "ዳይመንድ ቴስተርን ያልፋል" የሚለው ጽሑፍ ከሐብሉ ፎቶ ሥር በትልቁ ይለጠፋል። ሞይሳናይት ብሎ እስከሸጠ ድረስ ነጋዴውን የምንወቅስበት ነገር የለም። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከአልማዝም ይበልጥ ያሸበርቃል። ችግሩ ያን የገዛው ሰው ለሁለተኛ፣ ሁለተኛው ለሦስተኛ ሲሸጠው ነው። በመካከሉ "ሞይሳናይት" የምትለው ቃል ትጠፋለች። ቪዲዮውና ጩኸቱ ግን አብረው ይሻገራሉ።

ካርዱም እንዲሁ። ብዙ ሞይሳናይት የሚሸጠው ጂአርኤ የሚል ካርድ ይዞ ነው። በዓለም ላይ አልማዝ በመመዘን የታወቀው ተቋም ደግሞ ጂአይኤ ነው፣ የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም። ሁለቱን በችኮላ የሚያነብ ዓይን በቀላሉ ይምታታበታል። ጂአርኤ የሚለውን ካርድ ረጋ ብላችሁ ካነበባችሁት አብዛኛውን ጊዜ ሞይሳናይት መሆኑን ራሱ ይናገራል። ችግሩ ካርድ የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በዓይን፣ ግን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር። ብርሃን አልማዝ ውስጥ ሲገባ አንድ ሆኖ ይሄዳል። ሞይሳናይት ውስጥ ግን ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ድንጋዩን ከላይ አይታችሁ ከታች ያሉትን የተቆረጡ ጠርዞች ብትመለከቱ እያንዳንዱ መስመር ጥንድ ሆኖ ይታያል። ቀጥታ ከአናቱ ስታዩ ላይታይ ይችላል፤ ድንጋዩ የሚቆረጠው ይህ መንታነት ከፊት እንዳይታይ ተደርጎ ነው። ትንሽ አዘንብሉትና በጎን በኩል እዩት። አንዴ የለመደ ዓይን ከዚያ በኋላ አይስተውም። አጉሊ መነጽሩ ደግሞ ከቴስተሯም ይረክሳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል መነጽሩን እመርጣለሁ።

ሌላው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ሞይሳናይት በመጠኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አብዛኛው አልማዝ አያስተላልፍም። ሙቀትና ኤሌክትሪክ አብረው የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከአሥርና ከሃያ ዶላር ወደ መቶዎች ይዘላል። እነሱም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም። አንዳንድ በጣም የጠራ አዲስ ሞይሳናይት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በጥቂቱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት አልማዝ ደግሞ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዋሽንግተን ስሚትሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ያለው 45.52 ካራቱ ሰማያዊ ሆፕ አልማዝ ከእነዚህ ወገን ነው። እሱን በዚህ መሣሪያ ብትነኩት ሞይሳናይት ልትላችሁ ትችላለች።

የቤት ውስጥ ሙከራዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ውሃ ውስጥ መጣል ምንም አይነግራችሁም፤ ብርጭቆም ይሰምጣል። ብርጭቆ መቧጨር አይጠቅምም፤ ክዋህላቲ የተገኘው ኳርትዝም ብርጭቆ ይቧጭራል። "አልማዝ በመዶሻ አይሰበርም" የሚለው ግን አደገኛ ነው። አልማዝ አይቧጨርም እንጂ ይሰበራል፣ ያውም ጥርት ብሎ። ለቅንነታችሁ የሴት አያታችሁን ቀለበት እንዳትከፍሉበት። አንድ የሚረባ ሙከራ ሚዛን ነው፣ ድንጋዩ ከቀለበቱ የወጣ ከሆነ። 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ የ1 ካራት አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያንኑ የሚያክል ዚርኮንያ ከ1.6 ካራት በላይ ይመዝናል። ሞይሳናይቱ ደግሞ ከአልማዙ በትንሹ ይቀልላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ አስመሳይ ነው። ዛሬ ገንዘብ የሚበላው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ቴስተሯ ፈጽሞ አትረዳም።

በላቦራቶሪ የሚሠራ አልማዝ አለ። ይህ አስመሳይ አይደለም። ካርቦን ነው፣ የውስጥ አወቃቀሩ ያው ነው፣ ጥንካሬው ያው ነው፣ ሙቀት ማስተላለፉም ያው ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በታኅሣሥ 1954 በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አልማዝ ከሠራ ወዲህ ቴክኖሎጂው እያደገ መጣ። ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ያው ግፊትና ሙቀት ነው። ሌላው ካርቦን ያለበትን ጋዝ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በቀጭን የአልማዝ ቁራጭ ላይ ንብርብር እያደረገ ለሳምንታት ማሳደግ ነው። ቻይና ሄናን ውስጥና ሕንድ ሱራት ውስጥ ይህ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆኗል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም በ2018 አልማዝን ሲተረጉም "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ቃል አውጥቶታል። ሕጉም ራሱ አልማዝ ነው ብሎታል ማለት ነው።

ስለዚህ ቴስተሯ ስትጮህ እውነቷን ነው። ሆኖም ዋጋው ሰማይና ምድር ነው። የታወቀው የአልማዝ ኩባንያ ዴ ቢርስ በ2018 ላይትቦክስ የሚል ስም ሰጥቶ የላቦራቶሪ አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ብዙው ገበያ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋው መውረዱን አላቆመም። በ2025 ድርጅቱ ራሱ ይህን ሥራ እንደሚዘጋ አሳወቀ። በ2023 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ያኔ የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ለነበሩት ለጂል ባይደን 7.5 ካራት የላቦራቶሪ አልማዝ ሲሰጡ የአሜሪካ መንግሥት የመዘገበው ግምት 20,000 ዶላር ነበር። ያን ያህል ትልቅና ጥሩ የተፈጥሮ አልማዝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል። እንግዲህ የተፈጥሮ ተብሎ የላቦራቶሪ የተሸጠለት ሰው ምን ያህል እንደተበላ አስቡት። ፎርጅድ አልተሸጠለትም። ቴስተርም አይመሰክርለትም።

ለመለየት የሚያስችለው ፍንጭ ናይትሮጅን ነው። ከተፈጥሮ አልማዝ አብዛኛው፣ ከ95 በመቶ በላይ፣ ሲፈጠር ውስጡ የገባና መሬት ውስጥ በቆየበት ረጅም ዘመን የተሰባሰበ ናይትሮጅን አለው። ይህ ናይትሮጅን አጭር ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያግዳል። አብዛኛው የላቦራቶሪ አልማዝ ግን ናይትሮጅን የለውምና ጨረሩን ያሳልፋል። በዚህ መርህ የሚሠሩ የእጅ መሣሪያዎችም መሸጥ ጀምረዋል። እነሱ ግን ድንጋዩ የላቦራቶሪ ነው ብለው አይፈርዱም። የሚሉት "ይህ ይጠርጠር፣ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ" ነው። ምክንያቱም ናይትሮጅን የሌለው የተፈጥሮ አልማዝም አለ። በ1905 ደቡብ አፍሪካ የተገኘው 3,106 ካራቱ ኩሊናን ከዚህ ዓይነት ነው። የእንግሊዝ ዘውድ ላይ ያለው ቁራጩ ሳይቀር እዚህ መሣሪያ ላይ ተጠርጣሪ ይሆናል። አስተማማኝ የሆኑት መሣሪያዎች በሺዎች ዶላር የሚሸጡ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው።

ሰርተፊኬቱስ? ይጠቅማል፣ ግን ወረቀቱን ማየት ብቻ አይበቃም። ብዙውን ጊዜ የሰርተፊኬቱ ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ይጻፋል፤ በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ቁጥሩን ከተቋሙ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። ከዚያም አልፋችሁ ክብደቱንና ስፋቱን ለኩ። ጂአይኤ የሌላ የተፈጥሮ ድንጋይ ቁጥር የተጻፈባቸው የላቦራቶሪ አልማዞች እንዳጋጠሙት አሳውቋል። ቁጥር ይገለበጣል፤ ሚሊ ሜትሩን ግን እስከ መጨረሻው አሃዝ ማስመሰል ከባድ ነው።

አንድ ነገር ለእኛ አገር ሰው ልጨምር። ኢትዮጵያ የምትታወቀው በአልማዝ አይደለም። የእኛ ስም የሚነሳው በደላንታ ወገልጤና ኦፓልና በሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ ነው። ዳይመንድ ቴስተር ይዞ ኦፓል ወይም ኤመራልድ የሚነካ ሰው ካለ ዕቃውን ኪሱ ይክተት። ሁለቱም ሙቀት የሚያስተላልፉት በጥቂቱ ነው፤ መብራቱ ባይወጣ ፎርጅድ ናቸው ማለት አይደለም። የላቦራቶሪ ኤመራልድም ከተፈጥሮው ጋር እኩል ነው የሚያሳየው። የወሎ ኦፓል ላይ ያለው ማጭበርበር ጭራሽ ሌላ ዓይነት ነው። ድንጋዩ ውሃና ፈሳሽ ስለሚመጥ በጭስ ወይም በቀለም ይጠቁርና ጥቁር ኦፓል ተብሎ ይሸጣል። ይህንን የትኛውም ሙቀት መለኪያ አይደርስበትም።

ወደ ቀለበቱ ስንመለስ፣ ቴስተሯን መግዛት ክፉ አይደለም። ዚርኮንያና ብርጭቆን በደቂቃ ትለያለች፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው አርቴፊሻል ደግሞ እሱ ነው። ከጮኸች አጉሊ መነጽር አንሱና መንታ መስመር ፈልጉ። መንታ ከሌለ የሚቀረው የተፈጥሮ ወይስ የላቦራቶሪ የሚለው ነው። እሱን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። "ዳይመንድ" ብቻ ከተጻፈ ሻጩ ሁለቱንም ማለቱ ሊሆን ይችላል። "የተፈጥሮ" የሚለውን ቃል፣ ካራቱንና የሰርተፊኬቱን ቁጥር አንድ ላይ ያስፍርላችሁ። ከዚያ ሳትከፍሉ "ከዓመት በኋላ ባመጣው በስንት ትመልሱልኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁት። የላቦራቶሪውን መልሶ የሚገዛ ሱቅ ጥቂት ነው፤ የሚገዛም ካለ በተሸጠበት ዋጋ አይነካውም። የተፈጥሮውም ቢሆን እንደ ወርቅ በግራም ተመዝኖ ገንዘብ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ከገዛችሁበት በእጅጉ ዝቅ ይላል። ሻጩ ቁጥር ከጠራ በወረቀት አስጽፉት። ወሬ ከቀየረ ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ።